መንገድ ላይ ምን አዩ?

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ። መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ይህን ተረት ስንት ጊዜ እንደ ጠቀስኩት ቆጥሬ አላውቅም። ስለ ተረትና ምሳሌ ሳስተምር አህያዋን እጠራታለሁ፤ ስለ ምፀት ሳስተምር አህያዋን እጠራታለሁ፤ ከምሳ በኋላ ተማሪዎቼ ማንቀላፋት ሲጀምሩም የምትደርስልኝ እሷው ናት። አንድ ቀን ግን ሰርዶ በምትባል ከተማ፣ ያውም በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት የዱር አህዮች ከፊሎቹ በሚውሉበት ሜዳ ዳር ቆሜ፣ ይህንኑ ተረት ለራሴ እደግመዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰርዶ ከሰመራ ወደ ጂቡቲ በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ሲሉ የምትገኝ ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። ስሟ የአፋሮች ነው፤ ሣሩን የሰማው የኔ የአማርኛ ጆሮ ነው። ሣርማ የት አለና! ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ምጣድ ላይ ያረረ እንጀራ የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ነው። በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሷት ሰው ጨርሷል፤ ዛሬ የምናያት ከዚያ በኋላ እንደገና የቆመችው ናት። ቀን ከሌት ከባድ መኪና ያልፍባታል። ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ኮንቴይነር የተሸከመ ተሳቢ፣ ከአፍዴራ ጨው የጫነ ሲኖትራክ። አዲስ አበባ ውስጥ የምንለብሰውና የምንነዳው አብዛኛው ነገር በዚህች ከተማ ደጅ አልፎ ነው የሚመጣልን። ያልፍባታል እንጂ አይቆምባትም። እኔም እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ ከሚያልፉት አንዱ ነበርኩ።

የሄድኩት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ሰመራ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ስለ አህያ ያወራሉ፤ ይምጡና እውነተኛዋን ላሳይዎት» ብሎ ጋበዘኝ። የዱር አህያዋን ማለቱ ነው። (በአማርኛ «የሜዳ አህያ» ብል ዜብራ ይሆንብኛል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ደግሞ የሜዳ አህያ የሚለው የዱሯን ነው። ስም ላይ ያለብንን ችግር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።) ይህች እንስሳ ጓሮ ላስረናት አህያ የዘር ምንጭ ናት። ሰውነቷ ግራጫ፣ እግሮቿ ላይ ጥቁር ሰንበር፣ ቁመናዋ የተከበረ። ዛሬ በእርግጠኝነት የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ሲሆን፣ በእኛ በኩል ያሉት ከ200 አይበልጡም ብለው ባለሙያዎቹ ይገምታሉ። ለእሷ ተብሎ የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ፣ የምሌ ሰርዶ የዱር አህያ ጥብቅ ክልል ተብሎ ካርታ ላይ ተሰምሯል። ካርታ ላይ መሰመር ቀላል ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ በመኪናም በእግርም ፈለግን፤ አንዲትም አላየንም። ኮቴ አየን፣ ፋንድያ አየን፤ ባለቤቷን ግን አላየንም። ሳኦል የጠፉትን የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት አግኝቶ ተመለሰ ይባላል። እኔም አህያ ፍለጋ ወጥቼ ያላሰብኩትን ነገር አገኘሁ፤ መንግሥት ግን አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ተማሪዬ፣ እና ጓደኛው የሥነ ሕይወት መምህር። ይህ ሁለተኛው ወጣት አፋር ነው፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን የርቀት መነጽር ሲተኛም የሚያወልቃት አይመስለኝም። ድንገት ሻዩን አስቀመጠና ዝም በሉ የሚል ምልክት በእጁ ሰጠን። ከመንገዱ ማዶ ባለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ስድስት ወፎች ተደርድረዋል።

«ጭልፊት ናቸው?» አልኩ።

«ጭልፊት ናቸው። የትኛዋ ጭልፊት?» አለኝ።

እንግዲህ ተያዝኩ። ሠላሳ ዓመት በቋንቋ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ጭልፊት አንድ መስላኝ ኖራለች። ቄራ አካባቢ ከሰው እጅ ሥጋ የምትነጥቀውም ጭልፊት፣ እናቴ ደጅ ጫጩት የምትወስደውም ጭልፊት፣ ሽቦ ላይ የተቀመጠችውም ጭልፊት። ወጣቱ መነጽሩን ሰጠኝ። የእርግብ ያህል ታክላለች። ክንፏ ከጅራቷ ጫፍ የሚያልፍ ረጅም፣ መላ አካሏ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ እግሯና የዓይኗ ዙሪያ ብቻ ቢጫ። አንዷ ከሽቦው ተነሥታ በዝቅታ በረረች፤ አየር ላይ አንድ ነገር በእግሯ ያዘች፤ ሳታርፍ እየበረረች ከእግሯ ወደ አፏ አስጠግታ በላችው። ክንፉ ብቻ ወደ መሬት ወደቀ። አንበጣ ነበር።

«ዐረቦቹ የጀምበር መጥለቂያ ጭልፊት ይሏታል» አለኝ ወጣቱ፤ «እንዲህ አመሻሽ ላይ ማደን ስለምትወድ።»

እንዴት ያለ ስም ነው ጃል! እኛ የለንም፤ ስለዚህ ተዋስኩት። ከዚህ በኋላ የጀምበር ጭልፊት እያልኩ እጠራታለሁ፤ የአማርኛ ስም የማውጣት ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች ከተቆጣችሁ የተሻለ አምጡ።

ታሪኳን ያን ዕለት ማታ ከወጣቱ ሰማሁ፤ አዲስ አበባ ተመልሼም አነበብኩ። የጀምበር ጭልፊት የምትወልደው ማንም በማይወልድበት ቦታና ጊዜ ነው። በቀይ ባሕርና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ደሴቶች፣ በግብፅና በሊቢያ በረሃ፣ ሰው ጥላ ሥር ሆኖ በሚያቃስትበት በሐምሌና በነሐሴ እንቁላል ትጥላለች። ጎጆ አትሠራም፤ የድንጋይ ስንጥቅ ይበቃታል። እብደት ይመስላል፤ ግን ሒሳብ አላት። ጫጩቶቿ በሚፈለፈሉበት ሰሞን ከአውሮፓ ክረምት የሸሹ ትናንሽ ወፎች ባሕሩን አቋርጠው፣ ደክሟቸው በደሴቶቹ ላይ ያልፋሉ። ለልጆቿ የምታበላው እነሱን ነው። ልጆቹ መብረር ሲችሉ፣ በጥቅምት፣ እሷም ተነሥታ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። እስከ ማዳጋስካር! እ.ኤ.አ. በ2008 የአቡዳቢ ተመራማሪዎች በአንዷ ጀርባ ላይ ትንሽ የሳተላይት መሣሪያ አስረው ተከታትለዋት ነበር፤ ሳዑዲን አቋርጣ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ሰማይ ላይ አልፋ ማዳጋስካር ገባች። ያለ ፓስፖርት።

ቀደም ባለው ጊዜ ሊቃውንቱ ቁጥሯ በአሥር ሺዎች ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኋላ ደሴት ለደሴት እየዞሩ ጎጆዋን ሲቆጥሩ፣ ማዳጋስካር ወርደው ሲፈልጉ፣ ያ ሁሉ ጭልፊት ወረቀት ላይ የነበረ ሆነ። አሁን በጥቂት ሺዎች ነው የምትገመተው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ አስገባት። በደሴቶቹ ላይ መዝናኛ ይሠራል፣ አሣ አጥማጅ እንቁላል ይለቅማል፣ ከመርከብ የወረደ አይጥና ድመት ጫጩት ይበላል። ማዳጋስካር ላይ ደግሞ ጫካው ይመነጠራል፣ አንበጣ ላይ መርዝ ይረጫል። በመካከል ያለነው እኛ ነን።

መጽሐፈ ኢዮብ ላይ አንድ ምዕራፍ አለ፤ ሠላሳ ዘጠነኛው። እግዚአብሔር ኢዮብን በጥያቄ የሚያፋጥጥበት ነው። መጀመሪያ ስለ ዱር አህያ ይጠይቀዋል፤ ማን ነጻ እንደ ለቀቃት፣ ማን የጨውን ምድር ቤት አድርጎ እንደ ሰጣት። ወረድ ብሎ ደግሞ ክንፏን ወደ ደቡብ ስለምትዘረጋው አዳኝ ወፍ ይጠይቀዋል፤ በአንተ ጥበብ ነው ወይ የምትበርረው እያለ። ይህን ምዕራፍ ለቋንቋው ውበት ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። አህያዋና ጭልፊቷ በአንድ ገጽ ላይ የተገናኙት ለግጥም ሲባል ይመስለኝ ነበር። ሰርዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን የሰፈር ወሬ ነው። ጨው የጫነው መኪና እንኳ አልጎደለም።

እውነቱን ለመናገር ያን ማታ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። እነዚያን ቢጫ እግሮች የማውቃቸው መሰለኝ። ጎጃም፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ዶሮዎቿን የምትጠብቅላት በእኔ ነበር። ጭልፊት ስታንዣብብ መጮህና ወንጭፍ መወርወር ሥራዬ ነው። ወንጭፌ ዒላማ መትቶ የማያውቅ ልጅ ነበርኩ፤ ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብኛል። አንድ ቀን ግን መታ። አጥሩ ሥር ወደቀች። ሮጬ ሄጄ ሳያት ጫጩት ነጣቂዋ ትልቋ አይደለችም፤ ትንሽ፣ ፌንጣ ለቃሚ፣ እግሯ ቢጫ። ገና አልሞተችም፤ ታየኛለች። እናቴ «ጎሽ የኔ አንበሳ!» አለችኝ። ምሽቱን ሁሉም ሲያሞግሰኝ አመሸ፤ እኔም ስህተቱን ለማንም አልተናገርኩም። ያቺ የጀምበር ጭልፊት አልነበረችም፤ ሌላ ዘመዷ ትሆናለች። ቢሆንም ስሙን ያላወቅነውን ነገር መምታት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ የገባኝ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ወፎቹን እያየን ሳለ አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ወጣቱ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ እጅ ተያያዙና ቆመው ረዥም ንግግር ጀመሩ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነው። አንባቢዬ ስለ ዳጉ ሳይሰማ አይቀርም። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ሌላ ነገር ከማውራታቸው በፊት ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ግጦሽ አለ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ የማያውቁት ሰው በየት በኩል አለፈ። ያየኸውን ያየሁት ብለህ፣ የሰማኸውን የሰማሁት ብለህ ለይተህ ትናገራለህ። መዋሸት ነውር ነው፤ አውቆ መደበቅም ነውር ነው። ጋዜጠኝነት የሚያስተምሩ ወዳጆቼ አንድ ሴሚስተር የሚፈጁበትን ነገር እዚህ ፍየል የሚጠብቅ ሕፃን ያውቀዋል።

የእነሱ ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና አንድ ነገር አሉ። ወጣቱ እየሳቀ ተረጎመልኝ። «ሐጂ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተዋል አሉ፤ መንገድ ላይ ምን አዩ? ይላሉ።»

ምን አየሁ? ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መጥቻለሁ። አዋሽ ላይ ምሳ በላሁ። ከገዋኔ እስከ ምሌ ተኛሁ። ሎግያ ላይ ስልኬ ቻርጅ ጨረሰ። ዘንቧል ወይ? አላውቅም። ከብቱ ከስቷል ወይስ ሰብቷል? አላየሁም። «መንገዱ ደህና ነው» አልኩ። ሐጂ ጠበቁኝ፤ ሌላ እንደሌለኝ ሲገባቸው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ ብዙ ፈተና ፈትኛለሁ፤ ሰርዶ ላይ ዜሮ አገኘሁ።

እሳቸው ግን ያላቸውን አልነፈጉኝም። ወፎቹን በበትራቸው አሳዩኝ። በየዓመቱ ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ሙቀቱ መለስ ሲል እንደሚመጡ፣ ጥቂት ቀን ሰንብተው እንደሚሄዱ፣ ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ወደ ባሕሩ ሲመለሱ ጥቂቶች እንደሚታዩ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ይበዙ ነበር። በአንበጣው ዓመትም በዝተው ነበር፤ ሰማዩ አንበጣ፣ ከአንበጣው መሐል እነሱ። ከዚያ አውሮፕላን መጣ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ አንበጣው ሞተ። እኛም አላህን አመሰገንን። በማግስቱ ፍየል ሳግድ ከእነዚህ ሁለቱን መሬት ላይ አገኘኋቸው። ክንፋቸው ተዘርግቶ። አንዷ አፏ ውስጥ አንበጣ ነበረባት።»

ይህን ያየሁት ብለው ነው የነገሩኝ። ምን ገደላቸው ብዬ ስጠይቅ «እሱን አላየሁም» አሉ። ወጣቱ መምህርም ሳይመረመር እንዲህ ነው ማለት አይቻልም አለኝ።

እኔ ግን ሻዬ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም በ2012 ዓ.ም. ያ አንበጣ ከሶማሌና ከአፋር ተነሥቶ የወሎን ማሽላ ሲያወድም፣ «አውሮፕላኑ የት አለ?» ብለው በጋዜጣ ከጮኹት አንዱ እኔ ነኝ። ጽሑፌ ተወዶልኝም ነበር። ርጩ፣ ቶሎ ርጩ፣ ምን ትጠብቃላችሁ የሚል ነው። የሚረጨው ምንድን ነው፣ የሚረጨው የት ላይ ነው፣ ከተረጨ በኋላ ማን ሄዶ ያያል የሚል አንድም ዓረፍተ ነገር የለበትም። ተመልሼ አነበብኩት፤ የለበትም። የሚረጨው ገበሬው ማላታይን የሚለውና የእሱ ዘመዶች ነበሩ፤ የነፍሳትን ነርቭ የሚያሰሩ። ነርቭ ደግሞ ጭልፊትም አላት፣ ንብም አላት፣ እኔም አለኝ። ያኔ ንቦቻቸው ያለቁባቸው አናቢዎች ሲናገሩ ሰምቼ «ምን ይደረግ» ብዬ ማለፌ ትዝ ይለኛል።

አንባቢዬ «ታዲያ ገበሬው ይራብ?» ሊለኝ ነው። አይራብ። አንድ የአንበጣ መንጋ በአንድ ቀን የሺዎችን ቀለብ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ዛሬ ቢመጣም አውሮፕላኑ የት አለ እላለሁ። ግን ከዚያ ቀጥዬ የምጠይቀው አለኝ። በዚያው ወረርሽኝ ወቅት ጎረቤታችን ሶማሊያ ሰፊ ቦታ ላይ የተጠቀመችው አንበጣን ብቻ በሚያጠቃ የሻጋታ ዱቄት ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ወፉን ግን አይነካም። ሰብል ላይ የተኮለኮለ መንጋ ቀን አይሰጥም፤ ፈጣኑ መርዝ ለእሱ ይሁን። ሰው በሌለበት በረሃ ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ላይ ግን ዱቄቱ ይበቃ ነበር። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 እና 1996 ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ጭላቶች ለፌንጣ በተረጨ መድኃኒት በየእርሻው ሞተው ተገኙ፤ የተቆጠረው ሬሳ ብቻ ከ5 ሺህ በላይ ነው። የታወቀውም በጥቂቶቹ ጀርባ ላይ መከታተያ ታስሮ የት እንደሚያርፉ ስለ ታየ ነው። መድኃኒቱ ከአካባቢው ሲነሣ ሞቱ ቆመ። ፌንጣው አገሩን አልበላውም።

እዚህ ላይ ወጣቱ መምህር የተናገረውን ልጨምር። አፋር ውስጥ ስለ አዳኝ አሞሮች በደንብ የተጠናው የጥንብ አንሳ ነገር ነው። ከቡልጋሪያ፣ ከቱርክ፣ ከካውካሰስ የሚመጡ ነጫጭ ጥንብ አንሳዎች በጋውን የሚያሳልፉት አፋር ነው፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከቡልጋሪያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በአዋሽና በሎግያ መካከል ከአንድ ሺህ በላይ ቆጥሯል። ሌሊቱን የሚያድሩት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። ክንፋቸው ሰፊ ስለ ሆነ በአግባቡ ያልተሸፈነ ምሰሶ ይገድላቸዋል። ፖርት ሱዳን አጠገብ ለአሥርተ ዓመታት ሲገድላቸው የኖረ አንድ አሮጌ መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲቋረጥ ተደርጓል። ለእነሱ መፍትሔው ይታወቃል፤ ፕላስቲክ መሸፈኛ ነው፣ የምሰሶ ንድፍ ነው። ለጀምበር ጭልፊት ግን ምኑን ትሸፍነዋለህ?

እሷ እዚህ አትወልድም፤ አጥር አይሠራላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ራት። ክፍት ሜዳ፣ በሜዳው ላይ የሚበርር ነገር፣ የሚበርረው ነገር ላይ መርዝ አለመኖር። ጎጃም እያለን ሲመሽ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ከአጥር ውጭ ሲሰማ አባቴ ማንነትህን ተናገር አይልም ነበር፤ ግባ ነው። ማለዳ ይሄዳል፤ ተመልሶ አይታይ ይሆናል። ይቺም የመሸባት እንግዳ ናት። ልዩነቱ ደጃፍ ቆማ አትጣራም።

ሜዳው ራሱ እየጠበበባት ነው። በ1970ዎቹ በረሃ ያለማል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። አፋሮች «ወያኔ» ብለው ነው የሚጠሩት። (ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ደብዳቤ እንዳትጽፉልኝ።) እሾሁ የከብት እግር ይወጋል፣ ሣር አያስበቅልም፤ አዋሽን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ክፍት የነበረውን ግጦሽ ጫካ አድርጎታል። ለላሟ ያልሆነ ለጭልፊቷም አይሆንም፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ሣር ነው፤ አንዷ ሣሩን፣ ሌላዋ ሣሩ ላይ ያለውን ፌንጣ። ሐጂ ስለዚህ ዛፍ ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። ስለ ወፍ ጥበቃ ላነጋግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ስለ ፍየሎቻቸው እያወሩኝ ያው ርዕስ ላይ ደረስን።

«የሚያልፍ ወፍ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። ህንድ ውስጥ፣ ናጋላንድ በሚባል ክፍለ አገር፣ ከሳይቤሪያና ከቻይና ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ ትናንሽ ጭልፊቶች በጥቅምት ወር በአንድ ሐይቅ ዳር ያርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአካባቢው ሰዎች በዓሣ መረብ እየያዙ ከመቶ ሺህ በላይ ሳይገድሉ አልቀሩም ተባለ፤ ፎቶግራፉ ዓለምን አስለቀሰ። ከውጭ የሚመጣ ቁጣ ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ ድሃን ጨካኝ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እዚያ ግን የመንደር ሽማግሌዎች፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ አሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ተሰብስበው ወሰኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድም ወፍ አልተያዘም ተባለ። መረብ የሚጥሉት የነበሩ ሰዎች ጠባቂ ሆኑ። ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። አንድ ዓመት!

ሰርዶ ላይ ጭልፊት የሚገድል ሰው የለም። ችግሩ ያ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ወፏን የሚጎዳት ከሩቅ፣ በቅን ልቦና፣ በመሥሪያ ቤት ፊርማ፣ በጋዜጣ ጽሑፍ የሚመጣ ነገር ነው። የሚያያት ሰው ደግሞ አለ፤ ያየውን የሚጠይቀው የለም። ሐጂ ወፎቹ የሚመጡበትን ሰሞን፣ የሚያርፉበትን ሽቦ፣ የቀነሱበትን ዓመት ያውቃሉ። አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት «በዚህ በኩል ምን አለ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ከሄደ በኋላም «ምን አዩ?» ያላቸው የለም። የዳጉ አገር ላይ ዳጉ የሌለው መንግሥትም ጋዜጣም አለን።

ወጣቱ መምህር በራሱ ጊዜ አንድ ነገር ጀምሯል። ደብተር አለው። እረኞቹ የሚነግሩትን ቀን፣ ቦታ፣ ብዛት እየጠየቀ ይጽፋል፤ ያየሁት የሚለውን በአንድ መስመር፣ የሰማሁት የሚለውን በሌላ መስመር። ገንዘብ የሰጠው የለም። የመነጽሩ አንድ ወገን ተሰንጥቋል፤ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው።

ከተመለስኩ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአፍዴራ በኩል ያለው ሃይሊ ጉቢ የሚባል ተራራ ፈነዳ። በተመዘገበ ታሪክ ፈንድቶ የማያውቅ ነው። አመዱ የአፍዴራን መንደሮች አልብሶ፣ ግጦሹን ቀብሮ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ሰማይ አድርጎ ህንድ ደረሰ። ጭልፊቶቹ በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ስለ አውሮፕላን በረራ መሰረዝ ሲያወራ እኔ ስልኬን አንሥቼ ሰመራ ደወልኩ።

ሰው ሁሉ ደህና ነው አለኝ ተማሪዬ። አፍዴራ አካባቢ ያሉት ግን ተቸግረዋል፤ ፍየልና ግመል የሚበሉት አጥተዋል፤ ሐጂም ዘመዶች አሏቸው እዚያ፤ መኖ የሚላክበትን መንገድ እየተነጋገሩ ነው። ሁሉንም አስነገርኩት። በመጨረሻ እያፈርኩ «ወፎቹስ?» አልኩ። ሰው ተቸግሮ ስለ ወፍ መጠየቅ ያሳፍራል።

«አልፈዋል ጋሼ። ደብተሩ ላይ የመጨረሻዋ ኅዳር 6 ናት። አንዲት ብቻ፣ ያው ሽቦ ላይ።» ጥቂት ዝም አለና «ሐጂ ስለ እርስዎ ጠይቀው ነበር» አለኝ።

«ምን ብለው?»

«ያ ሰው በመመለሻው መንገድስ ምን አየ? ብለው።»

ይህን ጊዜ ተዘጋጅቼ ነበር። ከሎግያ እስከ ገዋኔ አልተኛሁም። ምሌ አጠገብ ጎርፍ የጠረገውን ድልድይ፣ ገዋኔ ላይ የከሱትን ላሞች፣ ምሰሶ ላይ የቆጠርኳቸውን አሥራ አንድ ጥንብ አንሳዎች፣ አዋሽ ሳይደርስ ሣር ማቃጠል የጀመሩ ሰዎች ያሉበትን ቦታ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ያየሁትን ያየሁት ብዬ። «ጻፈው» አልኩት።

«እየጻፍኩ ነው» አለኝ። «ገዋኔ ላይ ላሞቹ ስንት ነበሩ?»

አልቆጠርኳቸውም ነበር።